ፋት 32 ላይ የነበረው ድምፅ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ትሑት ስለሆንኩ አይደለም፤ ትሕትና ቢኖረኝማ ነገሩም ባልደረሰ። ያየኝ ሁሉ «አብሽሪ፣ መብራት ነው ያጠፋው» እያለ ሊያጽናናኝ ስለሚመጣ ነው። መብራት ይጠፋል። ኮምቦልቻ ላይ መብራት እንደሚጠፋ የማያውቅ ሰው የለም። እያወቅሁ ነው የገባሁበት።

አባቴ ሸህ እንድሪስ መንዙማ ይል ነበር። ደሴ ሸዋ በር ካለው ቤታችን እስከ ቦሩ ሜዳ ድረስ ወዳጃ ለዱዓ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር የሚል ድምፅ ነው። ሳንባው ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት ስልኬን ትራሱ አጠገብ እያስቀመጥኩ ቀዳሁት። አርባ አንድ ጊዜ። አንዳንዱ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሳሉ አቋርጦት ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልቀዳውም፤ እሱም አይወድም ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ድምፁ በዚህ ዓለም ላይ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መዳፍ በምታህል ጥቁር ሃርድ ዲስክ ውስጥ።

እናቴ ረሂማ ዓይኗን ስኳር ወስዶታል። ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የምትለየው። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ዲስኩን ከቴሌቪዥኑ ሪሲቨር ጋር አገናኝላታለሁ፣ እስከ መግሪብ ትሰማለች። ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነው ብል አልዋሸሁም። ሐሙስ ጠዋት ገላዋን ትታጠባለች፣ ንጹሕ ሻሽ ታስራለች፣ ሽቶ ትቀባለች። ባልዋ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስል።

ችግሩ አንዱ ቅጂ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ሪሲቨሩ ይቆማል። ሪሞት መጫን ያስፈልጋል። እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴ ሚኒባስ አጥቼ አረፍዳለሁ። አንድ ሐሙስ እንዲሁ አርፍጄ ስገባ፣ ሪሞቱ አሳስቷት የእግር ኳስ ጨዋታ ተከፍቶ፣ እሷ እጇን ዘርግታ አሚን እያለች አገኘኋት። ከት ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አርባ አንዱን አያይዤ አንድ የማይቋረጥ ቪዲዮ ላድርግላት ያልኩት የዚያን ዕለት ነው።

ሚስባህ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ጀርባ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ኮምቦልቻ ላይ የተዳረ ሰው ሁሉ በሱ እጅ አልፏል። ሰኞ በምሳ ሰዓት ዲስኩን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። የምፈልገውን ነገርኩት።

«ቀላል ነው» አለ። «ድምፁን ብቻ ላያይዘው። ትንሽ ፋይል ነው የሚሆነው።»

«ፎቶውም ይኑርበት። ነጭ ጥምጣም ያለው።»

«እናትሽ አያዩም እኮ፣ ሳሊሃ።»

«እኔ አያለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። «እንግዲያው መጀመሪያ ሁሉንም ወደኔ ኮምፒውተር ልገልብጠው።»

«አይሆንም» አልኩት። «የአባቴ አማና ነው። ከዚህ ዲስክ አይወጣም።»

ሚስባህ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። እኛ ዘንድ አማና ከተባለ ክርክር የለም፤ ሰው የአማና ዕቃ ለምን አልነካም ተብሎ አይጠየቅም። እሱ የሙያውን ያውቃል፤ ቅጂ ሳይኖር ዲስክ እንደማይነካ ያውቃል። ግን ቃሉን አከበረልኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ በድብቅ ገልብጦ ያስቀረው ነበር፤ ዛሬ እግሩን እስመው ነበር።

ከዲስኩ አንብቦ እዚያው ዲስኩ ላይ ቪዲዮውን ማውጣት ጀመረ። እኔ ሣምቡሳዬን እየበላሁ የአባቴን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አያለሁ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ቆመ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ፋት 32 ነው ዲስኩ» አለ ሚስባህ። «ከአራት ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። በፎቶው ምክንያት ነው የከበደው። ሦስት ቦታ ልቁረጠው?»

«ዱዓ መሀል ላይ ይቆረጣል?»

«ዱዓው ሲያልቅ ነው የምቆርጠው፣ ሳሊሃ።»

«አንድ እንዲሆን አይደል የመጣሁት?»

እንግዲህ ፋይል ሲስተም የሚሉትን ነገር ያስረዳኝ ገባ። የግምጃ ቤት ሰው ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ፤ የቱ ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገረው ግን መዝገቡ ነው። ዲስክም እንዲሁ ነው። ፋት 32 አሮጌ መዝገብ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም የመኪና ቴፑም ያነበዋል፣ ግን ለአንድ ዕቃ የተሰመረለት ቦታ ጠባብ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሰፊ ነው። ወደዚያ የሚኬድበት መንገድ ሁለት ነው። ፎርማት ካደረግሽው መጋዘኑን ጠርገሽ በአዲስ መዝገብ ትጀምሪያለሽ፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ኮንቨርት ካደረግሽው ግን ዕቃው ካለበት ሳይነቃነቅ መዝገቡ ብቻ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይገለበጣል።

«ኮንቨርት አድርገው» አልኩ።

«ሪሲቨራችሁ ያነበዋል?»

«አምና ነው የገዛነው።»

ሚስባህ ግን እጁ አልታዘዝ አለው። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ዩፒኤስ በእግሩ ነካ አደረገው። «የዚህ ባትሪ ሞቷል። መብራት ቢጠፋ አንዲት ደቂቃ አይዝም። ነገ የወንድሜን ላፕቶፕ ላምጣና በሱ እንሥራው። ወይም ለአንድ ሰዓት ብቻ ልገልብጠውና አንቺው ራስሽ ታጠፊዋለሽ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዳይሆንብን።»

«ሚስባህ፣ አትሟዘዝብኝ። የምሳ ሰዓቴ አልቋል። ቢስሚላህ በልና ጀምር።»

ቢስሚላህ አለና ጀመረ። ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንዲት መስመር ጻፈ። የዲስኩን ስም ጠየቀው፣ ስሙንም ጻፈለት። ቁጥሮች መሮጥ ጀመሩ። አሥር በመቶ፣ አሥራ ስምንት በመቶ። ዲስኩ ውስጥ የማይረባ ነገር ሁሉ ሞልቼበት ስለነበር ጊዜ ወሰደ፤ የቁርኣን ቅጂ፣ የዘመድ ፎቶ፣ የፋብሪካው የስብሰባ ቪዲዮ ሳይቀር ነበረበት። አርባ አንድ በመቶ ሲል እንኳ «ይኸው፣ የአባባ ቁጥር» ብዬ ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ማራገቢያው ዝም አለ።

ድምፁን እንጂ ጨለማውን አላስተዋልኩም፤ ቀትር ነው፣ ብርሃን በበሩ ይገባል። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ዩፒኤሱ አንድ ጊዜ ጢጥ አለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውጭ ያሉ ባለሱቆች ጄኔሬተር እያስነሡ ነው። እኔና ሚስባህ ሁለታችንም ዲስኩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰማያዊ መብራት ነው የምናየው፤ ጠፍታለች።

«ያ ረቢ» አለ ሚስባህ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሚስባህ ደጅ ነበር፤ አንድ ሰው ጠርቶት። «ምንም እንዳትነኪ» ብሎኝ ነው የወጣው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ወጣ፤ ይህ ዲስክ ችግር አለበት፣ ልመርምረውና ላስተካክለው ይላል። አስተካክላለሁ የሚልን ማን አታስተካክል ይላል? ትንሽ የሚያውቅ ሰው ምንም ከማያውቅ የባሰ ነው። ተጫንኩት።

ተመልሶ ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ምን ነካሽ? ሳሊሃ፣ ምን አደረግሽ?»

«አስተካክል አልኩት።»

አስተካከለው። ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነውን መዝገብ ያስተካከለው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱን ያላወቀውን ዕቃ ሁሉ ቆራርጦ፣ ስሙን አውጥቶ፣ ቁጥር ለጥፎ አንድ ጥግ ቆለለው። የአባቴ ፎልደር በነበረበት ቦታ ከሁለት መቶ በላይ ቁርጥራጭ ተቀምጧል። አንዱን ከፈትነው፤ አይከፈትም። ሌላውን ከፈትነው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሽሽሽ ይላል። ሚስባህ ዲስኩን ነቅሎ በመሐረቤ ጠቀለለና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ከዚህ በላይ ከነካሁት አጠፋዋለሁ። ደሴ ፒያሳ ኪዳኑ የሚባል ሰው አለ። ዛሬውኑ ሂጂ» አለኝ።

ወደ ፋብሪካው አልተመለስኩም። ሚኒባስ ውስጥ ዲስኩን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ቁልቁል እያየሁ አለቀስኩ። ከአንጀት ነው ያለቀስኩት፤ ድምፅ እያወጣሁ። መንገዱ ሲጠማዘዝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

«አባቴ» አልኩ።

«መቼ?»

«ዛሬ።»

ውሸት አልመሰለኝም። ሴትየዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኔ ጋር ያለቅሱ ገቡ። ከኋላ «አላህ ይርሀማቸው፣ ሶብር ይስጥሽ» አለኝ አንዱ፤ ከፊት «ነፍስ ይማር» አለች ሌላዋ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ደሴ እስክንደርስ ሚኒባሱ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሆነ፤ እኔም አባቴን በሁለተኛው ሞቱ በማላውቃቸው ሰዎች መሀል አለቀስኩት። መናኸሪያ ስንወርድ ሴትየዋ ቀብሩ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው?

ኪዳኑ ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን ጭምት ሰው ነው። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ዓይኑ ላይ ወፍራም መነፅር አለው። ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ እንደ ሐኪም አዳመጠው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ አስተካክል ስናገር ብቻ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቅጂ የለሽም?»

«የለኝም።»

«የተቀዳበት ስልክስ?»

«ወደ ዲስኩ ከገለበጥኩ በኋላ አጥፍቼዋለሁ።»

«ለእህት ለወንድም የሰጠሽው?»

«አማና ነበር» አልኩት።

«አደራ ማለትሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አደራ ደግሞ ሁለት ቦታ ይቀመጥ አይደለም እንዴ፣ እህቴ?»

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እውነቱ መጣብኝ። አባቴ ሊሞት ሰሞን ያለው «ድምፄን አማና፤ ለገበያ እንዳይወጣ» ነው። ሌላ አላለም። መንዙማው በየሱቁ ተባዝቶ እንዳይሸጥ ነበር የፈራው። ከቤት አይውጣ፣ ከዲስክ አይውጣ፣ ማንም አይንካው ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን እያጠበቅሁ እያጠበቅሁ ሄጄ የራሴ አደረግሁት። የሸህ እንድሪስ ድምፅ ያለው ሳሊሃ ጋ ነው እንዲባል ፈለግሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ታናሽ ወንድሜ ሂሻም ቦሩ ሜዳ ነው የሚያርሰው። ከአባታችን ሰደቃ በኋላ ሚሞሪ ካርድ ይዞ መጥቶ ቅጂ ስጪኝ ብሎኝ ነበር። አማና ነው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሌላ ሐሙስ ሊጠይቀን መጥቶ፣ እማ ስትሰማ ስልኩን ከጋቢው ሥር አድርጎ ሲቀዳ ያዝኩት። እማ እንዳትሰማ ጓዳ ጠርቼ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው ቆሜበት፣ አጥፋው አልኩት። እፊቴ አጠፋው። ሌላ የደበቅኸው የለም፣ ወላሂ በል አልኩት። ወላሂ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ፤ ቤታችን አልመጣም፣ ስልኬ ላይም አልደወለም። እማ የራሷ ስልክ የላትም። በሚኒባስ ድንች ይልካል። ለእማ «እርሻው ይዞት ነው» እላታለሁ።

«እስከ ሐሙስ ተይልኝ» አለ ኪዳኑ። «ተስፋ ግን አልሰጥሽም። መብራቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕቃው በቦታው ስለሚገኝ ቀላል ነበር። የጎዳችው ያቺ ማስተካከያ ናት።»

ማክሰኞና ረቡዕ እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ፋብሪካ ሄጄ ሰማያዊ ክር ለጠየቀኝ ነጭ ክር ሰጥቻለሁ። ነዝር ገባሁ፤ ያ ረቢ፣ አርባ አንዱን ተው፣ አንዷን ብቻ መልስልኝ፣ ያቺን በሳል የተቋረጠችውን ሦስት ደቂቃ እንኳ መልስልኝ፣ ሙክት አርጄ ወዳጃ አስቀምጣለሁ አልኩ። ረቡዕ ከሥራ ስገባ እማ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ሪሲቨሩን በጣቷ ስትዳብስ አገኘኋት።

«ዲስኩ የት ሄደ?» አለችኝ። «ቦታው ባዶ ነው።»

«ላጸዳው ሰጥቼው ነው።»

«ለሐሙስ ይደርሳል?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ። በአላህ ስም ዋሸሁ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ኪዳኑ ዘንድ ሄድኩ። ፒያሳ በጉም ተሸፍኗል። ገና በሩ ላይ ስቆም ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ወንበር ሳበልኝ። የቁርኣኑ ቅጂ ተገኝቷል። የዘመድ ፎቶዎቹ ተገኝተዋል። የፋብሪካው የስብሰባ ቪዲዮ፣ ወላሂ፣ አንድም ሳይጎድል ተገኝቷል። ከአርባ አንዱ ግን አንድም የለም። ሚስባህ ጋ ቪዲዮው ሊወጣ ሲሞክር የተጻፈው አራት ጊጋ በመሀል ገብቶ፣ ማስተካከያውም ቆራርጦት፣ የቱ ቁራጭ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚናገር ነገር አልቀረም።

«አንዲት ቁራጭ ብቻ ድምፅ ታወጣለች» አለና ማዳመጫውን ሰጠኝ።

ሽሽሽ የሚል ነው። አራት ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። «እዚህ ጋ ትንፋሽ አለ» አልኩት። «መልሰው። እዚህ ጋ፣ ሊጀምር ሲል አየር ሲስብ ይሰማል።»

ኪዳኑ መለሰልኝ። ሦስት ጊዜ መለሰልኝ። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ በቀስታ አወለቀው። «እህቴ፣ እሱ ትንፋሽ አይደለም» አለኝ።

ቤት ስገባ እማ ታጥባ፣ ሻሿን አስራ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። የሽቶው ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ዐስር ተሰግዷል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ፤ ሪሲቨሩ ተበላሸ ልል ነበር፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ እናደርሰዋለን ልል ነበር። እሷ ግን ወደ እግሬ ኮቴ ፊቷን አዙራ «መጣሽልኝ?» አለች፤ ውሸቱ አፌ ላይ ደረቀ። ጫማዬን ሳላወልቅ እፊቷ ተንበረከክሁና ነገርኳት። ስለ ፎቶው፣ ስለ አራት ጊጋው፣ ስለ ምሳ ሰዓቴ፣ ስለ ተጫንኩት ነገር። የሚገባትንም የማይገባትንም ነገርኳት።

እጇ ራሴን ፈልጎ አገኘው። «አብሽሪ» አለች። «ሂሻም ጋ አለ አይደል?»

የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩ።

«ለሂሻም ሰጥተሽው የለ? ልጁ አባቱን ሳይዝ ይኖራል እንዴ። ደውይለት፣ ነገ ይዞት ይምጣ።»

ከሰኞ ጀምሮ የደረሰብኝ ሁሉ ከዚህ አይከፋም። ሦስት ዓመት ሙሉ የአባቴ ድምፅ ሁለት ቤት እንዳለ አምና ኖራለች። ስልኬን አወጣሁ። እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ ሌላ መሸሺያ አልነበረኝም። ሲጠራ ሲጠራ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ ዋሽቶ እንዲሆን ዱዓ አደረግሁ። በሐሰት ምሎ እንዲሆን፣ ደብቆ አስቀርቶት እንዲሆን።

«ሄሎ» አለ ሂሻም። ወዲያው ደግሞ ደንግጦ፣ «እማ ምን ሆነች?»

«ደኅና ናት። ሂሻም... ያ የቀዳኸው። ያን ጊዜ። ሌላ ቦታ አስቀርተህ ነበር? ብታስቀር አልቆጣም። አውፍ በለኝና ንገረኝ።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ዲስኩ ጠፋ። ሁሉም ጠፋ።»

ከወዲያ ማዶ ነፋስ ይሰማል። ማሳ ላይ ነበር መሰለኝ።

«ወላሂ አስብለሽኝ እኮ ነው፣ ሳሊሃ» አለ። «ሚሞሪው ላይ አንድ አስቀርቼ ነበር። ወላሂ ካልኩ በኋላ እሱንም መንገድ ላይ አጠፋሁት። ቦሩ ሜዳ ሳልደርስ።»

እማ እጇን ከራሴ ላይ አነሳች። «ምንድን ነው የሚለው? ምን ወላሂ?» አለች። እኔ ነኝ የነገርኳት። ጓዳውን፣ ጋቢውን፣ አጥፋ ማለቴን። ስጨርስ እርግማን ጠበቅሁ። የእናት እርግማን እንደምፈራ ታውቃለች። እሷ ግን ፊቷን ከኔ መለሰችና እጇን ወደ ስልኩ ድምፅ ዘረጋች።

«ሂሻም።»

«አቤት እማ።»

«ድምፅህን ካሰማኸኝ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

በቀጭኑ፣ «ድንቹ ደርሶሻል፣ እማ?» አለ።

«ደርሶኛል። ድንች አይናገርም።»

ወንድሜ ሲያለቅስ ሰማሁ። ትልቅ ሰው ነው፣ አምስት ልጆች አሉት፤ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ሰማሁት። አፉን በእጁ ሊይዝ ይሞክራል፣ አልሆነለትም። ያለቅስ ያለቅስና ጉሮሮውን ጠረገ። እማ ቀና አለች። እኔም ሰማሁት። የአባቴ ጉሮሮ ነው። ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ሻከር ያለ። ሂሻም ልጅ እያለ እንዲህ አልነበረም፤ በነዚህ ዓመታት ነው ድምፁ የወፈረው፣ እኛ ሳናስተውለው።

«አውራ» አለችው።

«ምን ላውራ፣ እማ?»

«የፈለግኸውን። ገብሱ እንዴት ነው?»

«ገብሱ... የታችኛውን ማሳ ውርጭ መታው። የላዩ ደኅና ነው። ላሟ ወልዳለች።»

«ቀጥል።»

«ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ልጄ ሐዋ ስም አውጥታላታለች። ደግሞ የጎረቤታችን አጥር ፈርሶ...»

እማ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች፣ ከዚያ ደግሞ ጠጋ አለች። ሂሻም ስለ አጥሩ አወራ፣ ስለ ጉድጓዱ ውሃ አወራ፣ ስለ ትንሿ ልጁ ጥርስ አወራ። የሚለው ሲያልቅበት ዝም ይላል፤ እሷ «ቀጥል» ትለዋለች፤ እንደገና ይጀምራል። ከቦሩ ሜዳ ሸዋ በር በሚኒባስ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ያን ድምፅ ከዚህ ቤት ዓመት ከሁለት ወር ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሞተውን ላስቀምጥ ብዬ።

«እማ፣ አውፍ በይኝ» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንቺን በኋላ አናግርሻለሁ» አለችኝ። «አሁን ስልኩን በደንብ ያዢው።»

በሁለት እጄ ያዝኩት።